የይለፍ ቃልና የልደታ ችሎት

የፌስቡክ አካውንቱ የተዘጋበት ሰው በስልኩ የሚደርሰውን የማረጋገጫ ቁጥር አስገብቶ ይመልሰዋል። ቁጥሩን ሌላ ሰው ያገኘው እንደ ሆነ ግን ደብዳቤውም ወዳጁም በሌላ እጅ ይወድቃል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመለከተው ይኸው የጥንቃቄ ነገር በልደታ ችሎት ፊት እንዴት እንደ ቀረበ ነው።

በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች ተያዙ። በሐምሌ በሽብር ሲከሰሱ፣ በክሱ ከተዘረዘሩት ነገሮች አንዱ «ሴኩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» የተባለውን ሥልጠና መውሰዳቸው ነበር። ትምህርቱ ግን ጠንካራ የይለፍ ቃል ስለ መምረጥ፣ መልእክትን ስለ መመስጠርና የጠፋን መረጃ መልሶ ስለ ማግኘት ሲሆን፣ ማንም ያለ ዋጋ ሊያነበው ይችላል። ደጁን የቆለፈ ሰው «ለምን ቆለፍህ?» ተብሎ መጠየቁ እኛን እስከ ዛሬ ያስደንቀናል።

ቀጠሮው ደጋግሞ ተራዘመ። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የአምስቱ ክስ ተቋርጦ ተፈቱ። የቀሩትን የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጥቅምት 5 ቀን 2008 ዓ.ም. ከሽብር ክሱ ነፃ አላቸው፤ አንደኛው ብቻ በሌላ፣ በቀለለ ክስ እንዲከላከል ታዘዘ። ከተያዙ ዓመት ከመንፈቅ ሊሞላቸው ጥቂት ቀናት ቀርተው ነበር።