ፊደላችን ከብረት ቅርጽ እስከ ኮምፒዩተር መስኮት

ይህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ሲዘጋጅ ለእኛ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የተሰጠን ሥራ፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ትምህርታቸውን ፈጽመው የወጡትን ተማሪዎች ስም ከአሮጌ ኮምፒዩተር አውጥቶ መገልበጥ ነበረ። የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ መስሎን ነበር። ፋይሉ በተከፈተ ጊዜ ግን ሁላችንም ዝም አልን። የሰንጠረዡ ርእሶች በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸውና ያለ ችግር ይነበባሉ፤ ከርእሶቹ በታች ግን የሰው ስም የሚመስል አንድም ቃል የለም። የላቲን ፊደል፣ ቅንፍ፣ የጥያቄ ምልክትና የመቶኛ ምልክት እንደ ተደፋ ጥሬ ተደባልቀው ተቀምጠዋል። የአንዲት የክፍል ጓደኛችን እናት ከነዚያ ተማሪዎች አንዷ ነበሩ፤ ልጃቸው መሥመሩን በጣቷ እየተከተለች ብትፈልግ የእናቷን ስም ልታገኝ አልቻለችም።

ስሞቹ አልጠፉም ነበር። የጠፋው ፎንቱ፣ ማለት ፊደሎቹ የሚለብሱት መልክ ነው። ነገሩን ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

የግዕዝ ፊደል በመጀመሪያ በማተሚያ መሣሪያ የታተመው በአገራችን ሳይሆን በሮማ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1513 የኮሎኙ ዮሐንስ ፖትከን፣ በሮማ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን መንገደኞች ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ። (ቋንቋውን ከለዳዊ ነው ማለቱ ግን ስሕተት ነበር፤ መምህሮቹ ይህን ሰምተው ምን ብለውት ይሆን?) እ.ኤ.አ. በ1548ና በ1549 ደግሞ የአገራችን ሰው አባ ተስፋ ጽዮን በዚያው በሮማ ሐዲስ ኪዳንን ለኅትመት አበቁ። በአዲስ አበባም በ1914 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ተቋቋመ። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ፊደል ማለት አንድ ቁራጭ ብረት ማለት ነበረ። «ለ» አንድ ብረት፣ «ሉ» ሌላ ብረት ነው፤ ለቃሚው ከሣጥኑ እያነሣ ይደረድራል። ፊደሉ ብዙ መሆኑ ለቃሚውን ያደክመው እንደ ሆነ እንጂ አያግደውም፤ ሣጥኑን ማስፋት ይቻላልና።

መከራው የመጣው በጽሕፈት መኪና ነው። የመኪናው ቁልፎች ጥቂቶች ናቸው፤ ፊደላችን ግን ሠላሳ ሦስት ቤት፣ እያንዳንዱም ቤት ሰባት ልጆች አሉት። የአማርኛን የጽሕፈት መኪና የሠሩት ኢንጂነር አያና ብሩ መላ ያገኙለት ፊደሉን በመቀጣጠል ነበር፤ ይኸውም አካሉ በአንድ ቁልፍ፣ እግሩ ወይም ቀለበቱ በሌላ ቁልፍ ይመታል። መልኩ ባያምርም የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ለብዙ ዓመታት የተጻፈው በዚህ ዓይነት መኪና ነው።

ከዚያም ኮምፒዩተር መጣ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የግዕዝን ፊደል ወደ ኮምፒዩተር ለማስገባት ከደከሙት ኢትዮጵያውያን አንዱ በአሜሪካ የነበሩት ዶክተር አበራ ሞላ ናቸው። ቀጥሎም አጋፋሪ፣ ዋሽራ፣ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ የተባሉት ተከታትለው ወጡ። እነዚህ ሁሉ የገጠማቸው የሒሳብ ችግር ነው። ኮምፒዩተር ፊደልን በመልኩ አያውቀውም፤ በቁጥር ብቻ ያውቀዋል። በዚያን ዘመን አንድ ፎንት የነበሩት ስፍራዎች 256 ሲሆኑ የመጀመሪያዎቹ 32 ለትእዛዝ የተለዩ ናቸው፤ ስለዚህ ቢበዛ 224 ይቀራሉ። ሠላሳ ሦስት በሰባት ሲባዛ ግን 231 ነው። በዚህ ላይ «ቋ»ና «ጓ»ን የመሳሰሉት፣ የግዕዝ ቁጥሮችና ነጠብጣቦቹ አሉ። አንዳንዶቹ ሠሪዎች ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈሉት፤ ሌሎቹም እንደ ጽሕፈት መኪናው ቀጣጠሉት።

ስፍራዎቹም ባዶ አልነበሩም። 104 የላቲኑ «ኤች» ቁጥር ነው፤ የግዕዝ ፎንት በዚያ ስፍራ ላይ የራሱን ፊደል አስቀመጠ። ኮምፒዩተሩ ግን ሁልጊዜ የሚያየው 104ን ብቻ ነው፤ ፎንቱ ካለ የግዕዙን ያሳያል፣ ከሌለ «ኤች»ን ያሳያል። ከዚህም የሚብሰው ሠሪዎቹ አንድ ዓይነት አቀማመጥ አለመከተላቸው ነው፤ በአንዱ የተጻፈ በሌላው አይነበብም። የእኛም ስሞች ያገኛቸው ይኸው ነበር።

በጎባ ከተማ ለባለጉዳይ ደብዳቤ በመጻፍ ሲያገለግሉ የኖሩ አንድ አዛውንት አሮጌውን ፎንት በዲስክ አስቀምጠውት ኖሮ ሰጡን፤ እግዜር ይስጥልን። ከሮቤ ሄደን ተቀብለን ተመለስን። በችኮላ ገጹን ሁሉ መርጠን ፎንቱን ብንለውጥ ስሞቹ እንደ ጉም ሲገለጥ ብቅ አሉ፤ የእንግሊዝኛዎቹ ርእሶች ግን በተራቸው ትርጉም የሌለው የግዕዝ ፊደል ሆኑ። በጣም ሳቅን። የዚያን ዘመን ፕሮግራም ሠሪዎች ጭንቀት የገባን በዚህ ጊዜ ነው። በመስኮቱ ላይ ላሉት መለያ ጽሑፎች፣ ማለትም ለአዝራሩ፣ ለሜኑውና ለሣጥኑ ርእስ፣ አንድ ፎንት ብቻ ከተሰጠ ወይ አማርኛው ወይ እንግሊዝኛው ይበላሻል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መለያ ጽሑፍ የራሱን ፎንት መስጠት ግድ ነበረ።

ይህን የፈታው ዩኒኮድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በሦስተኛው እትሙ የግዕዝ ፊደል የራሱን ቁጥር አገኘ፤ «ሀ» 4608፣ «ለ» 4616 ሆነ፤ ለአንድ ቤት ስምንት ስፍራ ማለት ነው። ከእንግዲህ «ሀ» ማንንም ሳያፈናቅል ይኖራል። ሆኖም ቁጥር ብቻውን መልክ አይሆንም፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ከወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ጋር የግዕዝ ፎንት አልመጣም ነበርና በፊደሎቹ ፈንታ ባዶ ሣጥኖች ይታዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ግን ጆን ሃድሰንና ጄራልዲን ዌይድ የነደፉትን ፎንት ይዞ መጣ። ስሙ «ኒያላ» ነው! ኒያላ ማለት ከሮቤ ወደ ሻሸመኔ ስንሄድ ዲንሾ ላይ ከመኪና መስኮት የምናየው የደጋ አጋዘን ነው። በዓለም ላይ ያሉ ብዙ ኮምፒዩተሮች የባሌን እንስሳ ስም ተሸክመው መኖራቸውን ስንሰማ ደረታችን መንፋቱን አንደብቅም።

እውነቱን ለመናገር ግን ኒያላ ለገጽ ንባብ ያማረውን ያህል ለትንሽ መለያ ጽሑፍ አይመችም። እንደ ብዕር ጽሕፈት ወፍራምና ቀጭን መሥመር አለው፤ ሲያንስ ቀጭኑ ይጠፋል፣ «ሉ»ም ከ«ለ» ለመለየት ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው ዊንዶውስ 8 የግዕዝ ፊደል የተጨመረለት ኢብሪማ መሥመሩ እኩል ስለ ሆነ ለዚህ ሥራ ይሻላል።

አዲሱን የስም መዝገብ የሠራነው ይህን ከተማርን በኋላ ነው። በሮቤና በጎባ ሰሌዳዎች ላይ አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ አማርኛም በግዕዝ ፊደል ጎን ለጎን እንደሚነበቡ፣ በመዝገባችንም «ስም» ከሚለው አጠገብ «ማቃ» የሚለው በቁቤ ተጽፏል። ሁለቱን በአንድ መጠን ብናደርጋቸው አማርኛው አንሶ ታየን፤ ስለዚህ ለአማርኛው ኢብሪማን በሁለት ነጥብ ከፍ አድርገን ሰጠነው። ሣጥኑ የ«ቷ»ን እግር ቆርጦ ስለ ነበር እሱንም አሰፋነው።

የጓደኛችን እናት ስም ተገኝቷል፤ በዚህ መጽሔት በመጨረሻው ገጽ ላይ ታትሟል። የሁለት ሰዎች ስም ግን ገና ሙሉ አልሆነም። በሁለተኛው ፎንት የተጻፉ ፊደሎች አሏቸው፤ ያ ፎንት በአዛውንቱ ዲስክ ውስጥ አልተገኘም። በዝርዝሩ ውስጥ ባዶ ስፍራ ትተንላቸዋል፤ አብረዋቸው የተማሩ ወላጆች ካሉ ለክፍል ኃላፊያችን ቢነግሩልን በብዕር እንሞላዋለን።