የተማሪዎች መቅረትና የእርሻ ወራት በምዕራብ ጎጃም፦ ታሪካዊ ምርመራ

ተማሪ ከትምህርት ገበታው ደጋግሞ ሲቀር ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ «የወላጅ ግንዛቤ ማነስ» ተብሎ ይመዘገባል። ይህ አነጋገር በየቃለ ጉባኤውና በየዓመቱ ሪፖርት ሲመላለስ ብዙ ዘመን ያስቆጠረ ሲሆን፣ ለሪፖርት አቅራቢው ምቹ ከመሆኑ በቀር ለርእሰ መምህሩ የሚሰጠው ረብ ጥቂት ነው። ከመራዊ ተነሥቶ በዱርቤቴ፣ በዳንግላና በቡሬ በኩል ፍኖተ ሰላም በሚደርሰው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ ያለውን አገር የትምህርት ታሪክ የሚመረምር ሰው ግን የልጆች መቅረት እንዲያው በዘፈቀደ የሚመጣ ሳይሆን ወር ጠብቆ የሚመላለስ ነገር መሆኑን ይረዳል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት የውጭ መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

የትምህርቱ ዘመን በመስከረም ተከፍቶ በሰኔ ይዘጋል። ክረምቱ ከትምህርት ነጻ መሆኑ ለዚህ አገር ተገቢነት አለው። ዝናቡ ይከብዳል፣ ግልገል ዓባይና ገባሮቹ ይሞላሉ፣ ጭቃው ሕፃን አያሳልፍም፣ በብዙ ቤትም ጎተራው የሚጎድለው በዚሁ ወቅት ነው። ችግሩ ያለው በሌላው ወገን ነው። መስከረም ሲብት የጤፉ አረም ገና አላለቀም፤ ስለዚህ ብዙ ልጆች ለምዝገባ ብቅ የሚሉት ከመስቀል በኋላ ነው። በጥቅምት በቆሎውና ዳጉሳው ሲያፈራ ወፍና ዝንጀሮ የሚከላከል ሰው ያስፈልጋል፤ ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ የሚያስጮኸውም ልጅ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ የአጨዳና የክምር ወራት ናቸው። በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ደግሞ የበርበሬ ለቀማ ይታከልበታል፤ ይህ ሥራ ትንሽ እጅና ብዙ ሰው የሚፈልግ በመሆኑ ከልጆች ጋር ይስማማል። ከዚያ ውቂያው ይከተላል። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ሠርግ ይበዛል፤ በዚህም ጊዜ ከስም መጥሪያው የምትጠፋው ሴት ልጅ ከወንዱ በተለየ ሁኔታ ሳትመለስ ትቀር ነበር። በግንቦት የበቆሎው ዘር ይጀመራል። ከብት ጥበቃው ወር አይለይም።

በዚህ ሁሉ መካከል ትምህርት ቤቱ የመጀመሪያውን መንፈቀ ዓመት ሙሉ የሚያስተምረውና የሚፈትነው ሥራ በሚበዛባቸው አራት ወራት ነው። ወላጁ ትምህርትን ጠልቶ ልጁን የሚያስቀር ቢሆን ኖሮ መቅረቱ ዓመቱን ሙሉ እኩል በሆነ ነበር።

ከመንግሥት ትምህርት ቤት በፊት በጎጃም የነበረው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ይህን ጥያቄ በራሱ መንገድ ፈትቶት ነበር። በየደብሩ ፊደልና ንባብ የሚቆጥረው ሕፃን በአብዛኛው ማለዳና ማታ ከመምህሩ ፊት ስለሚቀርብ፣ የቀኑ ሰዓት ለእረኝነት ይተርፋል። ወደ ዜማና ወደ ቅኔ የሚያልፈው ደግሞ ደበሎውን ለብሶ፣ ኮሮጆውን አንግቶ ከወላጆቹ ቤት ጨርሶ ይወጣል። ዋሸራና ጎንጅን የመሳሰሉ የቅኔ ቤቶች የሞሉት ከሩቅ አገር በመጡ ልጆች ነበር፤ የቆሎ ተማሪ የሚበላውን ለምኖ ስለሚያድር ከአባቱ ማሳ ጋር የሚያጋጨው ነገር አልነበረም። ይህን ሥርዓት ከልክ በላይ ማወደስ አይገባም። ሴቶችን ከሞላ ጎደል አያካትትም ነበር፤ ከጀመሩት ወንዶችም ብዙዎቹ ከዳዊት ንባብ አያልፉም። ቢሆንም የልጁን ጊዜ ከሁለት አንዱ መንገድ፣ ማለትም ወይ ከሥራው ጋር አጣጥሞ ወይ ፈጽሞ ለይቶ፣ ይይዝ እንደነበረ ማስተዋል ያሻል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጁን ከቤቱ ሳይለይ ቀኑን ግን በሙሉ ጠየቀ።

ጠያቂውም መንግሥት መሆኑ ሌላ መዘዝ ነበረው። በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር በመሬት ላይ ሲጣል ገቢው ለየጠቅላይ ግዛቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል የታሰበ ነበር። ጎጃም ግን የርስት አገር ነው። ባለርስቱ የመሬት ልኬታንና አዲስ ግብርን ርስቱን ለመንጠቅ የሚደረግ ዝግጅት አድርጎ ይመለከት ስለነበር መሬቱን ለማስለካት ደጋግሞ እምቢ ብሏል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ተቃውሞው ወደ ጦር መሣሪያ ተለወጠ፤ መንግሥትም ጦር ካዘመተ በኋላ ጠቅላይ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴን አንሥቶ ውዝፉን ግብር እስከ መሰረዝ ደረሰ። የልጆች መቅረት የዚህ ዓመፅ ውጤት ነው ለማለት አይደለም። ነገር ግን ስምን በመዝገብ የሚጽፍ፣ ቤተሰብን የሚቆጥር፣ ከወረዳ ደብዳቤ የሚቀበል ተቋም በገበሬው ዓይን ከግብር ሰብሳቢው ቢሮ ብዙም የራቀ አልነበረም። መምህሩ ስለ ቀሪ ልጅ ሊጠይቅ ወደ አንድ ደጃፍ ሲሄድ የሚደርሰውን አቀባበል ለመረዳት ይህን ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል።

ከሁሉ በፊት ግን ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነበር። በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ መንግሥታት የትምህርት ጉባኤ በአዲስ አበባ ሲሰበሰብ ኢትዮጵያ በአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ብዛት ከብዙዎቹ የአፍሪካ አገሮች ወደ ኋላ መቅረቷ ጎልቶ ታየ። ከ1958 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በስዊድን መንግሥት እርዳታና ሕዝቡ በገንዘብም በጉልበትም እየተጋራ በመላ አገሪቱ የገጠር ትምህርት ቤቶች መሠራታቸው በመቅረት ላይ ከተደረጉት እርምጃዎች ሁሉ ፍሬያማው ሳይሆን አይቀርም፤ ምንም እንኳ ማንም በዚያ ስም ባይጠራው። ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ መንገድ ወደ ግማሽ ሰዓት ሲያጥር ልጁ ጠዋት ከብቱን አሰማርቶ ለመድረስ ይችላል።

በሽታም ወር ነበረው። የወባ ትኩሳት የሚበረታው ከዝናቡ ማብቂያ እስከ ታኅሣሥ ነው። በ1950 ዓ.ም. ክረምት ተነሥቶ እስከ 1951 ዓ.ም. ታኅሣሥ የዘለቀው ወረርሽኝ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህሉን እንደ ገደለ ይገመታል። ከዚያ ወዲህ የነበሩት ዓመታት ይህን ያህል የከፉ ባይሆኑም ወባው ከአጨዳው ጋር በአንድ ወቅት መምጣቱን አልተወም። ቤተሰቡ አንድ አዋቂ በትኩሳት ሲተኛበት የእርሱን ማጭድ የሚያነሣው ልጁ ነው።

መቅረትን በተመለከተ በታሪካችን ከፍ ያለው ክርክር የተነሣው በ1964 ዓ.ም. በተካሄደው የትምህርት ዘርፍ ጥናት ሳቢያ ነው። የጥናቱ ሰዎች የገጠሩ ልጅ ከትምህርት ቤቱ አቅምና ሥርዓት ውጭ መሆኑን አይተው ለብዙኃኑ አራት ዓመት የሚፈጅ፣ ከአካባቢው ሥራ ጋር የተጣመረ መሠረታዊ ትምህርት እንዲሰጥ ሐሳብ አቀረቡ። በዚያን ዘመን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ላይ የነበረው ከመቶ 20 የማይሞላ ልጅ ስለነበር ሐሳቡ ቀላል አልነበረም። ሆኖም መምህራንና ወላጆች አጥብቀው ተቃወሙት፤ በየካቲት 1966 ዓ.ም. ከፈነዳው የመምህራን የሥራ ማቆም አድማ ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነበር። ተቃውሞው ከንቱ አልነበረም። የገበሬው ልጅ አራት ዓመት ተምሮ ወደ ማሳው ሲመለስ የከተማው ልጅ ወደ ሁለተኛ ደረጃ የሚያልፍ ከሆነ፣ «ከአካባቢው ጋር ማጣጣም» ማለት የልጁን ዕድል መቍረጥ ይሆናል። የሚያሳዝነው ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ላይ መጣላቸው ነው። የትምህርቱን ይዘትና ርዝመት ለድኻ ልጅ ማሳጠር አንድ ነገር ነው፤ ያንኑ ሙሉ ትምህርት ልጁ ሊመጣ በሚችልበት ወርና ሰዓት መስጠት ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው በተገቢ ሁኔታ ሲወድቅ ሁለተኛው ሳይመረመር አብሮ ወደቀ።

ሁለተኛው ሐሳብ ለድኻ አገር ብቻ የተፈጠረ አይደለም። በስኮትላንድ የጥቅምት ወር የትምህርት ዕረፍት መነሻው የድንች መልቀሚያ ነው። በአሜሪካ ገጠር በ19ኛው ምዕት ዓመት ትምህርት የሚሰጠው በክረምትና በበጋቸው ሲሆን፣ በዘርና በመኸር ጊዜ ልጆቹ ከወላጆቻቸው ጋር ይውሉ ነበር። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1880 ትምህርትን ግዴታ ካደረገች በኋላም ልጆች ለአዝመራ መቅረታቸው በብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶች መዝገብ ሲጻፍ ኖሯል። ግዴታው ብቻውን ልጁን ከማሳው አላወጣውም።

በአገራችን ትምህርትን ከጊዜው ጋር ያጣጣመው፣ ለሌላ ዓላማ ቢሆንም፣ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው በዙር የተከፈለ ነበር፤ ከከተማ ተነሥቶ ወደ ገጠር ሲገባ የመማሪያው ቦታና ሰዓት በየቀበሌው ተወሰነ። በአምስት ቋንቋዎች ተጀምሮ በኋላ ወደ 15 ከፍ ያለው ይህ ሥራ በ1972 ዓ.ም. ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። የቀበሌ ጫናና ቅጣት የነበረበት መሆኑ አይካድም፤ በማስገደድ የተገኘ ተማሪ ዘመቻው ሲቀዘቅዝ እንደሚበተንም ታይቷል። በመደበኛው ትምህርት ቤት ደግሞ የተማሪው ቍጥር ከክፍሉ በመብለጡ የፈረቃ ትምህርት ተስፋፋ። ፈረቃ እስከ ዛሬ የሚነቀፈው የትምህርቱን ሰዓት ስለሚያሳጥር ነው፤ ነቀፌታውም እውነት ነው። ነገር ግን በገጠር አንዱ ወንድም ጠዋት ተምሮ ከሰዓት በኋላ በሌላው ቦታ ከብት እንዲጠብቅ ስላስቻለ፣ ለክፍል እጥረት የተወሰደው መፍትሔ ሳይታሰብ ለመቅረትም መድኃኒት ሆነ። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ወደ ሙሉ ቀን ሲመለስ፣ ቀድሞ ሁለት ልጅ የላከ ቤት ወይ አንዱን ያስቀራል ወይ ሁለቱን በየተራ ይልካል። በየተራ የሚላኩት ልጆች በመዝገቡ ሁለት ሰነፎች ሆነው ይታያሉ።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ያለውን ትምህርት በነጻ እንዲሆን አደረገ። የተመዝጋቢው ቍጥር በፍጥነት አደገ፤ የመቅረት ጥያቄም መልኩን ለወጠ። ቀድሞ ከደጅ ውጭ የነበረው ልጅ አሁን ተመዝግቦ የማይመጣ ሆነ። ለመንደር ቀርበው ሰዓታቸውን ከወላጆች ጋር የሚወስኑ የአማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ጣቢያዎች በአማራ ክልልም መከፈታቸው 1964 ዓ.ም. ላይ የተጣለው ሐሳብ በሌላ ስም መመለሱን ያሳያል፤ በዚህ ጊዜ ግን ልጁ ወደ መደበኛው ትምህርት የሚሻገርበት መንገድ ተበጅቶለት ነበር።

የሴቶችን መቅረት በሚመለከት ከመራዊ ብዙ ሳይርቅ፣ በይልማና ዴንሳ ወረዳ ሞሰቦ በተባለ የገጠር ቀበሌ የተሠራው ሥራ ልዩ ትኩረት ይገባዋል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ ዕድሜውን ወደ 18 ከፍ አደረገው፤ የአማራ ክልልም በራሱ የቤተሰብ ሕግ ይህንኑ አጸና። ሕጉ ብቻውን የጋብቻውን ወር አልለወጠውም። ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት በሞሰቦ በፖፑሌሽን ካውንስል ድጋፍ የተካሄደው «ብርሃነ ሔዋን» ግን ለሴት ልጆች ደብተርና እርሳስ ሰጠ፤ የሴቶች አማካሪዎች በየቤቱ እየዞሩ ወላጆችን አነጋገሩ፤ ልጅቱ ሳትዳር ከቆየችም ቤተሰቡ በመጨረሻው በግ ወይም ፍየል እንዲያገኝ ተደረገ። ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ላይ የተደረገው ምርመራ፣ ሥራው ካልደረሰበት ቀበሌ ጋር ሲነጻጸር፣ በትምህርት ላይ የመገኘት ዕድላቸው ጉልህ ብልጫ እንደ ነበረውና ጋብቻም እንደ ቀነሰ አሳይቷል። ከ15 ዓመት በላይ ለሆኑት ተመሳሳይ ውጤት አልተገኘም። የሞሰቦ ወላጅ ከቀድሞው ይልቅ «ግንዛቤ» አግኝቶ ሊሆን ይችላል፤ በግልጽ የሚታየው ግን ልጅቱን ማቆየት ለቤቱ የሚያስከፍለው ዋጋ መቀነሱ ነው።

የእርሻው ወራት ራሳቸው ቆመው አይጠብቁም። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በመራዊ ዙሪያ የቆጋ ግድብ 7,000 ሄክታር የሚያህል መሬት በመስኖ ለማልማት ታስቦ ሥራ ላይ ሲውል ስንዴ፣ ድንችና ሽንኩርት በበጋ መመረት ጀመሩ። ለገበሬው በረከት ነው። ለትምህርት ቤቱ ግን ከውቂያ በኋላ እስከ ግንቦት የነበረው፣ ልጆች ከሞላ ጎደል ሳይቀሩ የሚማሩበት ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ውኃ የሚጠመዝዝ፣ የሚኰተኵትና ሽንኩርት የሚነቅል እጅ የሚፈለግበት ጊዜ ሆነ። በቆጋ ለተዘረጋ ትምህርት ቤት የሚወጣ የትምህርት ዘመን መርሐ ግብር በዝናብ ብቻ ከሚያመርተው ከጎረቤቱ የደጋ ቀበሌ ጋር አንድ ሊሆን አይችልም፤ ሆኖም ሁለቱም የሚመሩት በአንድ ሰሌዳ ነው።

መዝገቡ መቅረትን በቀን ስለሚጽፍ ይህን ሁሉ በውስጡ ይዟል። ወደ ወረዳ የሚላከው ግን የመንፈቀ ዓመቱ ድምር ነው፤ ቀኑ በመንገድ ይቀራል። አንድ መምህር የሦስት ዓመት መዝገብ ወስዶ ቀሪዎቹን በሳምንት ቢደረድር፣ የገበያ ቀንንና ማረስ የማይፈቀድባቸውን የወር በዓላት በጎን ቢያስቀምጥ፣ የትኛው ሳምንት ለፈተና እንደማይሆንና የትኛው ለማካካሻ ትምህርት እንደሚመች ከማንም ሳይጠይቅ ያገኘዋል። መዝገቡ የማይናገረው የመምህሩን መቅረት ነው። ደመወዝ ወይም ስብሰባ ወደ ወረዳው ከተማ በሚጠራበት ቀን ከሁለት ሰዓት መንገድ መጥቶ ክፍሉን ባዶ ያገኘ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ቢቀር የሚጻፍበት እርሱ ብቻ ነው።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት የብዙ ትምህርት ቤቶች በር ተዘግቶ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ውጭ ሆነዋል፤ መራዊና አካባቢዋም ከጉዳቱ አላመለጡም። ይህ እስካሁን ከተነገረው በዓይነቱ የተለየ ነው፤ ቀሪው ልጁ ሳይሆን ትምህርት ቤቱ ነውና። በተዘጉት ዓመታት የልጆቹን ቀን ሙሉ በሙሉ የወሰደው ማሳው ነው። በ2015 ዓ.ም. የአንደኛ ክፍል ዕድሜ የነበረው ልጅ ደጁ ሲከፈት የሚመለሰው ሞፈር ለመጨበጥ የደረሰ ሆኖ ነው፤ የስም መጥሪያውም በየትኛው ክፍልና በየትኛው ሰዓት እንደሚጠራው ከወዲሁ ሊታሰብበት የሚገባ የሥርዓተ ትምህርት ጥያቄ ነው።