ቤትን በኪሳራ ሂደት ውስጥ መሸጥ (አሜሪካ)

ቤትን በኪሳራ ሂደት ውስጥ መሸጥ ማለት ዕዳውን መክፈል ያቃተው ሰው በፍርድ ቤት የኪሳራ መዝገብ ካስከፈተ በኋላ የመኖሪያ ቤቱ የሚሸጥበት ሕጋዊ አሠራር ነው። በአሜሪካ ይህ ጉዳይ የሚመራው እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣውና በጥቅምት 1 ቀን 1979 ሥራ ላይ በዋለው የፌዴራል የኪሳራ ሕግ ነው። መዝገቡ ከተከፈተ በኋላ ቤቱን ማን ሊሸጥ እንደሚችልና ገንዘቡ ለማን እንደሚደርስ በዋናነት የሚወሰነው ባለዕዳው በመረጠው የሕጉ ምዕራፍ፣ በቤቱ ላይ ባለው ዕዳ መጠንና በሚኖርበት ክፍለ ሀገር ሕግ ነው።

የቤቱ ሕጋዊ ሁኔታ

መዝገቡ በተከፈተበት ቅጽበት የባለዕዳው ንብረት፣ ቤቱንም ጨምሮ፣ «የኪሳራ ሀብት» ወደሚባል የተለየ ክምችት ይገባል። በዚያው ቅጽበት ገንዘብ ጠያቂዎችን የሚያግድ ትእዛዝ ዳኛ ሳይፈርምበት በራሱ ይጸናል። ባንኩ ቤቱን ለሐራጅ አቅርቦ ከነበረም ሐራጁ ይቆማል። ሆኖም እግዱ ዘላቂ አይደለም፤ አበዳሪው ፍርድ ቤቱ እግዱን እንዲያነሳለት ማመልከት ይችላል።

ከዚህ በኋላ ባለዕዳው ቤቱን በራሱ ፈቃድ መሸጥ አይችልም። በስሙ የተመዘገበ ቢሆንም፣ ገዢ ቢያገኝም፣ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ የፈረመው ሽያጭ ሊፈርስ ይችላል።

በምዕራፍ 7 የሚደረግ ሽያጭ

ምዕራፍ 7 ንብረት ተሸጦ ዕዳ የሚከፈልበትና ቀሪው ዕዳ በአብዛኛው የሚሰረዝበት መንገድ ነው። በዚህ ምዕራፍ ቤቱን የመሸጥ ሥልጣን የባለዕዳው ሳይሆን ለመዝገቡ የተመደበው ባለአደራ ነው፤ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይህን ሰው «ትረስቲ» ይሉታል። ባለአደራው የሚሠራው ለባለዕዳው ሳይሆን መያዣ ለሌላቸው ገንዘብ ጠያቂዎች ጥቅም ነው። ቤት ሻጭ ደላላ ለመቅጠርም የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልገዋል። የሽያጩ ማስታወቂያ ለገንዘብ ጠያቂዎች በመደበኛነት ቢያንስ ከ21 ቀናት በፊት ይላካል።

ባለአደራው ቤቱን የሚሸጠው የሚተርፍ ገንዘብ ካለ ነው። ከሽያጩ ዋጋ ላይ የባንኩ ዕዳ፣ የሽያጭ ወጪ፣ ለባለዕዳው በሕግ የተጠበቀለት ድርሻና የባለአደራው ክፍያ ይቀነሳሉ። የባለአደራው ክፍያ ጣሪያ የሚሰላው ከባለዕዳው ውጭ ለሌሎች በሚከፈለው ገንዘብ ላይ ነው፤ ይኸውም በመጀመሪያው 5,000 ዶላር ላይ 25 በመቶ፣ በቀጣዩ 45,000 ላይ 10 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 1 ሚሊዮን ድረስ 5 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ 3 በመቶ ነው።

ለምሳሌ 330,000 ዶላር የባንክ ዕዳ ያለበት ቤት አለ እንበል። የሽያጭ ወጪው 6 በመቶ፣ የተጠበቀው ድርሻ ደግሞ 31,575 ዶላር ቢሆን፦

- ቤቱ በ400,000 ቢሸጥ፦ ዕዳው፣ 24,000 ወጪና የተጠበቀው ድርሻ ሲቀነሱ 14,425 ዶላር ይቀራል። የባለአደራው ክፍያ ጣሪያ ግን ወደ 21,670 ዶላር ስለሚደርስ ሽያጩ ለገንዘብ ጠያቂዎች ምንም ላያስገኝ ይችላል።
- ቤቱ በ500,000 ቢሸጥ፦ ዕዳው፣ 30,000 ወጪና የተጠበቀው ድርሻ ሲቀነሱ 108,425 ዶላር ይቀራል። ወደ 26,670 የሚጠጋ የባለአደራ ክፍያ ቢታሰብም ከ81,000 ዶላር በላይ ይተርፋል።

በመጀመሪያው ሁኔታ ባለአደራው ቤቱን ለባለዕዳው ሊለቅለት ይችላል። በሁለተኛው ግን ለመሸጥ በቂ ምክንያት አለው። ስለዚህ የቤት ዋጋ በፍጥነት በሚወደድበት አካባቢ የሚኖር ሰው መዝገቡን ከመክፈቱ በፊት የቤቱን ትክክለኛ የገበያ ዋጋ ማወቁ ወሳኝ ነው። መዝገቡ ክፍት እስካለ ድረስ የሚጨምረው ዋጋም በአብዛኛው የኪሳራው ሀብት ይሆናል። በመዝገቡ ላይ በትክክል የተዘረዘረና ያልተሸጠ ቤት መዝገቡ ሲዘጋ ወደ ባለዕዳው ይመለሳል። የተደበቀ ንብረት ግን በዚህ መንገድ አይመለስም።

የተጠበቀ የመኖሪያ ቤት ድርሻ

ሕጉ ባለዕዳው ባዶ እጁን እንዳይቀር ከቤቱ ዋጋ የተወሰነውን ክፍል ከገንዘብ ጠያቂዎች ይጠብቅለታል። የፌዴራሉ መጠን ከሚያዝያ 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 31,575 ዶላር ሲሆን በየሦስት ዓመቱ ይሻሻላል። ባልና ሚስት በጋራ ሲያመለክቱ እያንዳንዳቸው በዚህ ድርሻ መጠቀም ይችላሉ። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ክፍላተ ሀገር ነዋሪዎቻቸው የፌዴራሉን ዝርዝር እንዳይጠቀሙ ከልክለው የራሳቸውን መጠን አውጥተዋል። በቴክሳስና በፍሎሪዳ ጥበቃው የመሬት ስፋት ገደብ እንጂ የገንዘብ ጣሪያ የለውም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ዲሲም ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠው ጥበቃ በገንዘብ መጠን አልተገደበም።

ሰዎች ኪሳራ ከማወጃቸው በፊት ለባለዕዳ ወደሚያደላ ክፍለ ሀገር እየሄዱ ቤት እንዳይገዙ እ.ኤ.አ. የ2005 ማሻሻያ ገደብ ጥሏል። መዝገቡ ከመከፈቱ በፊት ባሉት 1,215 ቀናት ውስጥ በተገዛ ቤት ላይ የሚኖረው የክፍለ ሀገር ጥበቃ ጣሪያ ይጣልበታል፤ ይህም ከ2025 ጀምሮ 214,000 ዶላር ነው። በዚያው ክፍለ ሀገር ውስጥ ከቀድሞ ቤት የዞረ ገንዘብ ግን በዚህ አይቆጠርም።

በምዕራፍ 13 የሚደረግ ሽያጭ

ምዕራፍ 13 ቋሚ ገቢ ያለው ሰው ንብረቱን ይዞ ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕቅድ ዕዳውን የሚከፍልበት መንገድ ነው። እዚህ ቤቱን የሚሸጠው ባለዕዳው ራሱ ነው፤ ነገር ግን የሽያጩን ውል ለፍርድ ቤት አቅርቦ ፈቃድ ማግኘት አለበት። ማመልከቻው ዋጋውን፣ የገዢውን ማንነትና ገንዘቡ እንዴት እንደሚከፋፈል ያሳያል። ፈቃዱ ጊዜ ስለሚወስድ ከገዢው ጋር የሚደረገው ውል ሽያጩ በፍርድ ቤት ፈቃድ ላይ የተመሠረተ መሆኑን መግለጽ ይኖርበታል።

ባለዕዳው በዕቅዱ መካከል ወደ ምዕራፍ 7 ቢዛወር በመካከሉ የጨመረው የቤቱ ዋጋ የማን ነው በሚለው ጥያቄ ላይ የይግባኝ ፍርድ ቤቶች ተለያይተዋል። አሥረኛው የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2022 ጭማሪው የባለዕዳው ነው ሲል፣ ዘጠነኛው በ2023 የኪሳራው ሀብት ነው ብሎ ወስኗል።

የጋራ ባለቤቶች

ቤት በወንድማማች፣ በባልና ሚስት ወይም በወላጅና በልጅ ስም በጋራ ሲያዝ የአንዱ ኪሳራ ሌላውንም ሊነካ ይችላል። ብዙውን ጊዜ ቤቱን ከፍሎ መሸጥ የማይቻል ከሆነ፣ ድርሻውን ብቻ መሸጥ ዋጋውን በጣም የሚያሳንሰው ከሆነና ለገንዘብ ጠያቂዎች የሚገኘው ጥቅም በጋራ ባለቤቱ ላይ ከሚደርሰው ጉዳት ከበለጠ፣ ፍርድ ቤቱ ቤቱ በሙሉ እንዲሸጥ ሊፈቅድ ይችላል። የጋራ ባለቤቱ የድርሻውን ገንዘብ ያገኛል፤ ሽያጩ ሳይፈጸም ቤቱን በቀረበው ዋጋ ራሱ የመግዛት መብትም አለው።

መዝገብ ከመከፈቱ በፊት መሸጥ

ቤትን በትክክለኛ ዋጋ ሸጦ በኋላ ኪሳራ ማወጅ በራሱ ወንጀል አይደለም። ነገር ግን ባለዕዳው ባለፉት 2 ዓመታት ያስተላለፈውን ንብረት ሁሉ በመሐላ ማሳወቅ አለበት። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከገንዘብ ጠያቂዎች ለማሸሽ ለዘመድ ወይም ለጓደኛ የተላለፈን ቤት ባለአደራው ሊያስመልሰው ይችላል፤ በክፍለ ሀገር ሕግ ደግሞ ከዚህ ረዘም ላለ ጊዜ ወደ ኋላ ሊሄድ ይችላል። ማሸሹ የተፈጸመው መዝገቡ ከመከፈቱ በፊት ባለው 1 ዓመት ውስጥ ከሆነ የዕዳ ስረዛው ሊከለከል ይችላል። ንብረት መደበቅ እስከ 5 ዓመት እስራት የሚያስቀጣ የፌዴራል ወንጀል ነው።

የባንኩ መያዣ መብት

የዕዳ ስረዛ ባለዕዳውን በግሉ ከመከፈል ግዴታ ነፃ ያወጣዋል እንጂ ባንኩ በቤቱ ላይ ያለውን የመያዣ መብት አያጠፋም። በዚህ ምክንያት ዕዳው የተሰረዘለት ሰው ቤቱን በኋላ ሲሸጥ ባንኩ ከሽያጩ ገንዘብ ድርሻውን ያነሳል፤ ባለዕዳው ወርኃዊ ክፍያውን ካቆመም ቤቱን በሐራጅ ሊያሸጠው ይችላል።

ከኢትዮጵያ ሕግ ጋር ያለው ልዩነት

በ1952 ዓ.ም. በወጣው የኢትዮጵያ የንግድ ሕግ መሠረት የኪሳራ ሥርዓት ተፈጻሚ የሚሆነው በነጋዴዎችና በንግድ ማኅበራት ላይ ነበር። ደመወዝተኛ ቤተሰብ የቤት ብድር መክፈል ሲያቅተው የኪሳራ መዝገብ የሚያስከፍትበት የአሜሪካው ዓይነት መንገድ በዚያ ሕግ ውስጥ አልነበረም።