ማየት ብቻውን አልበቃም፦ ማይክሮስኮፕ ወደ ጥርስ ሥር ያደረገው ረጅም ጉዞ

በ1921 (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ካርል ኒለን የተባለ ወጣት የጆሮ ሐኪም ስቶክሆልም ውስጥ ማይክሮስኮፕን ከላቦራቶሪ አውጥቶ ቀዶ ጥገና ክፍል አስገባው። መሣሪያው በአንድ ዓይን ብቻ የሚታይበት ነበር። በዓመቱ አለቃው ጉናር ሆልምግሬን በሁለት ዓይን የሚታይበትን ተጠቀመ። በ1953 የጀርመኑ ካርል ዛይስ ለቀዶ ጥገና ተብሎ የተሠራ ማይክሮስኮፕ ገበያ ላይ አዋለ፤ የጆሮ፣ የዓይንና የአንጎል ሐኪሞችም እየተከታተሉ የሥራቸው አካል አደረጉት። የጥርስ ሐኪሙ ግን ከሁሉም በጠበበውና በጨለመው ቦታ እየሠራ፣ በባዶ ዓይኑና በጣቱ ስሜት ላይ እንደተማመነ ቆየ።

ሩት ካናል (የሥሩን ቦይ አጽድቶ መድፈን) ተሠርቶለት ያልዳነ ጥርስ አንዳንዴ ከሥሩ ጫፍ ላይ መግል ይቋጥራል። ከላይ ከፍቶ እንደገና ማጽዳት ካልሆነ ሐኪሙ ድዱን ገልጦ፣ አጥንቱን ሸንቁሮ፣ የሥሩን ጫፍ ይቆርጥና የቀረውን ከታች በኩል ይደፍነዋል። በድሮው አሠራር ድሪሉና መስታወቱ እንዲገቡ ብቻ ከ8 እስከ 10 ሚሊሜትር ስፋት ያለው አጥንት ይፈለፈል ነበር። ሐኪሙ የተቆረጠውን ፊት ማየት እንዲችልም ሥሩን 45 ዲግሪ ያህል አጋድሞ ይቆርጠዋል። ይህ አቆራረጥ ለሐኪሙ ዓይን ይመች እንጂ ለጥርሱ አይበጅም። ተህዋስያን የሚያልፉባቸውን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያበዛል፤ ወደ ምላስ በኩል ያለውን ቦይም ሳይነካ የመተው ዕድል አለው።

በ1981 ሃርቪ አፖቴከር የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም፣ ትውልዱ ሐንጋሪ ከሆነው የጉሮሮ ሐኪም ከጌዛ ያኮ ጋር ሆኖ «ዴንቲስኮፕ» የተሰኘ የጥርስ ማይክሮስኮፕ አስተዋወቀ። የሚያጎላው 8 እጥፍ ብቻ ነበር፤ ከፍ ዝቅ አይልም፣ ለአቀማመጥም አይመችም። የጥርስ ሐኪሞች ፊት ነሱት፤ ብዙም ሳይቆይ ምርቱ ቆመ። ችግሩ ግን የመሣሪያው ብቻ አልነበረም። ጫፉን አጉልቶ ያየ ሐኪም መልሶ የሚያነሳው ያንኑ ትልቅ ድሪል ነበርና፣ ያየውን ሁሉ ማከም አልቻለም።

ነገሩ የተለወጠው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። የካሊፎርኒያው ጋሪ ካር በአልትራሳውንድ ኃይል የሚንቀጠቀጡ ሹል ጫፎችን ሠራ፤ ርዝመታቸው 3 ሚሊሜትር፣ ውፍረታቸው ሩብ ሚሊሜትር ያህል ነው። በ1993 ሲንግኩክ ኪም በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ በማይክሮስኮፕ የሚደረግ የጥርስ ሥር ቀዶ ጥገናን የሚመለከት የመጀመሪያውን ጉባኤ መራ። በዚያው ዓመት የሎማ ሊንዳ ዩኒቨርሲቲው ማህሙድ ቶራቢነጃድና ባልደረቦቹ ኤምቲኤ የተባለውን፣ እርጥበት ባለበት የሚጠጥረውን መድፈኛ አስተዋወቁ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአሜሪካ በጥርስ ሥር ሕክምና ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማር ሁሉ በማይክሮስኮፕ መሥራትን መሠልጠን ግዴታው ሆነ።

ዛሬ ሐኪሙ ከሥሩ ጫፍ 3 ሚሊሜትር ያህል ቀጥ አድርጎ ይቆርጣል። የተቆረጠውን ፊት ሜቲሊን ብሉ በተባለ ሰማያዊ ቀለም ይቀባና ያጥበዋል፤ ከዚያ ከጥፍር ያነሰች መስታወት አስገብቶ ማጉያውን እስከ 20 እጥፍ ከፍ ያደርጋል። ሥሩ ሁለት ቦይ ካለው፣ በመካከላቸው እንደ ፀጉር የቀጠነ ሰማያዊ መስመር ብቅ ይላል። በባዶ ዓይን ደህና ጥርስ መሳይ የነበረው ቦታ፣ ተህዋስያን የሚሸሸጉበት ጠባብ መተላለፊያ ኖሯል። የሚንቀጠቀጠው ሹል ጫፍ መስመሩን ተከትሎ ይጠርጋል፤ ኤምቲኤውም ይሞላዋል።

ይህ ሁሉ ለታካሚው ምን አተረፈለት? የአጥንቱ ቀዳዳ ወደ 3 ወይም 4 ሚሊሜትር ወረደ። ድዱ የሚሰፋው በቀጭን ክር ስለሆነ፣ በሐር ክር ጊዜ አንድ ሳምንት ይቆይ የነበረው ስፌት በ2 ወይም በ3 ቀን ይወጣል። እብጠት ግን አይቀርም፤ በአንደኛውና በሁለተኛው ቀን ይበረታል፣ በረዶና የህመም ማስታገሻም ያስፈልገዋል። ሕመሙ ከሄደ በኋላም አጥንቱ ገና ነው። ሪቻርድ ሩቢንስታይንና ኪም በ1999 ባሳተሙት ጥናት አጥንቱ እስኪሞላ በአማካይ 7.2 ወር ፈጅቷል። ሐኪሞች ሕመም ያልተሰማውን ሰው «በዓመቱ ለራጅ ተመለስ» የሚሉት ለዚህ ነው።

ፍራንክ ሴትዘርና ባልደረቦቹ በ2010 እና በ2012 የቀደሙ ጥናቶችን አሰባስበው ሲመዝኑ፣ በድሮው ዘዴ የተሳካው 59 በመቶ ሆኖ አገኙት። አዲሶቹን ጥቃቅን መሣሪያዎችና መድፈኛዎች ይዘው በማጉያ መነጽር ወይም በባዶ ዓይን የሠሩት 88 በመቶ፣ ማይክሮስኮፕ ወይም ኢንዶስኮፕ (በቀጭን ቱቦ የሚያሳይ መሣሪያ) የጨመሩት ደግሞ 94 በመቶ ደርሰዋል። ትልቁ ዝላይ የመጣው ከሹል ጫፉና ከመድፈኛው ጋር ነው። ስለዚህ ማይክሮስኮፕ ለመግዛት አቅም ያጠረው ክሊኒክ «ገንዘብ እስኪገኝ» ብሎ በድሮው ድሪል የሚቆይበት ምክንያት የለም። ከጥቃቅኖቹ መሣሪያዎችና ከጥሩ መነጽር ቢጀምር፣ አብዛኛውን ጥቅም ለታካሚው ያደርሳል።