ከስደተኞች መንደር እስከ ደማስቆ ሰፈር፦ የሷሊሒያ አመሠራረት

በቃሲዩን ተራራ ግርጌ የምትገኘው ሷሊሒያ ዛሬ ከደማስቆ ሰፈሮች አንዷ ናት። ስሟን ብዙዎች «የሷሊሖች መኖሪያ» ብለው ይተረጉሙታል፤ በዚያ የተቀበሩት ዑለማዎች ብዛት ሲታሰብ ትርጓሜው ከባዶ የመነጨ አይደለም። የመሥራቹ ልጅ ሸይኽ አቡ ዑመር ግን ስሙ የመጣው መጀመሪያ ካረፉበት ከአቡ ሷሊሕ መስጂድ እንጂ ከደግነታቸው እንዳልሆነ መናገራቸው ተዘግቧል። ይህን ንግግር ትሕትና ብቻ አድርገን ልናልፈው አይገባም። በውስጡ የመንደሯ እውነተኛ መነሻ ተቀምጧልና።

መነሻው በፍልስጤም፣ በናብሉስ አቅራቢያ ያለችው ጀማዒል ናት። በ6ኛው ክፍለ ዘመነ ሂጅራ አጋማሽ አገሩ በመስቀል ጦረኞች እጅ ነበር። ዐረቦች «ኢፍረንጅ» ይሏቸዋል፤ የእኛም «ፈረንጅ» ከዚሁ የወጣ ነው። ሌሎች ጌቶች ከአንድ ሙስሊም በዓመት አንድ ዲናር ሲያስከፍሉ የጀማዒል ጌታ አራት ያስከፍል ነበር። ሸይኽ አሕመድ ኢብኑ ሙሐመድ ኢብኑ ቁዳማ በጁሙዓ ሲያስተምሩ የአካባቢው ገበሬዎች ይሰበሰቡ ነበርና፣ ሰዎቹን ከሥራ ያስፈታል ተብለው ተከሰሱ፤ ሊገደሉ መሆኑንም ሰሙ። በ551 ዓመተ ሂጅራ (1156 እ.ኤ.አ.) ወደ ደማስቆ ሸሹ፤ ቤተ ዘመዶቻቸውም ተከተሏቸው። ኋላ «አል-ሙግኒ»ን የጻፉት ሙወፈቁዲን ኢብኑ ቁዳማ ያኔ የአሥር ዓመት ገደማ ልጅ ነበሩ።

ከከተማዋ ምሥራቃዊ በር ውጭ ባለው የአቡ ሷሊሕ መስጂድ የቆዩት ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። በሽታ ብዙዎቹን ጨረሰ። የመስጂዱን ወቅፍ ከያዙት ቤተሰቦች ጋርም አለመግባባት ተነሣ። ስለዚህ አየሩ ወደሚሻልበት፣ የየዚድ ወንዝ ወደሚያጠጣው ተራራ ወጡ። ሂጅራው በአንድ ጉዞ የተጠናቀቀ ተደርጎ ሲተረክ ይህ ሁለተኛው፣ መራራው ክፍል ይዘለላል። እኛ ግን መንደሯን የፈጠረው እሱ ነው እንላለን።

ይህን ሁሉ ያቆዩልን ሐዲስ አዋቂው ዲያኡዲን አል-መቅዲሲ ናቸው። የተወለዱት ከስደቱ 18 ዓመት በኋላ፣ በ569 ዓ.ሂ. ነው፤ ስለዚህ የጻፉት ያዩትን ሳይሆን ከሽማግሌዎች የሰሙትን ነው። እናታቸው ሩቀያ የሸይኽ አሕመድ ልጅ ስትሆን፣ የቤተ ዘመዱን የልደትና የሞት ጊዜ በቃሏ በመያዝ ትታወቅ ነበር። በየቀበሌያችን እንዲህ ያሉ እናቶች አሉ፤ ማን ጠየቃቸው? ዲያኡዲን የቤተሰቡ ልጅ በመሆናቸው ትረካቸው ወደ ከራማ ያደላል። ይህ ለታሪክ ጸሐፊ ጥንቃቄን ያስከትላል እንጂ ምስክርነቱን አያስጥልም።

መንደሯ ወደ ከተማነት የተሸጋገረችው በጁሙዓ መስጂዷ ነው። አቡ ዑመር ግንባታውን በ598 ዓ.ሂ. ሲጀምሩ ወጪውን የሸፈነው አቡ ዳውድ አል-ፋሚ የተባለ ሰው ነበር። ገንዘቡ ሲያልቅበት የኢርቢሉ ገዥ ሙዘፈሩዲን ኮክቡሪ አስፈጸመው፤ ዛሬም መስጂዱ በእሱ ስም አል-ሙዘፈሪ ይባላል። ገዥው ከበርዛ ውሃ ለማስመጣት ገንዘብ ቢልክም የደማስቆው አል-ሙዐዘም፣ በመንገዱ ላይ የሙስሊሞች መቃብር አለ ብሎ ከለከለ። በምትኩ ጉድጓድ ተቆፍሮ በበቅሎ የሚዞር የውሃ መቅጃ ተሠራ፤ ለእሱም ወቅፍ ተደረገ። የሙታን ክብርና የሰጋጆች ውሃ ሲጋጩ የተገኘ መፍትሔ በመሆኑ ለፊቅህ መምህራን ጥሩ ምሳሌ ይመስለናል። የኮክቡሪ ሚስት፣ የሶላሑዲን እህት ረቢዓ ኻቱን ደግሞ በዚያው ለሐንበሊዮች መድረሳ ሠራች።

ከቅጥር ውጭ መኖር ነፃነት ቢሰጥም ዋጋ ነበረው። በ699 ዓ.ሂ. የሞንጎሉ ጋዛን ደማስቆን ሲይዝ፣ ክፉኛ የተዘረፈችው ግንብ ያልነበራት ሷሊሒያ ናት። ብዙዎች ተገደሉ፤ ብዙዎችም ተማረኩ። የዲያኡዲን የሐዲስ ቤት መጻሕፍትም ተዘረፉ። ሆኖም በ1326 እ.ኤ.አ. የደረሰው ኢብኑ በጡጣ ያገኘው ፍርስራሽ ሳይሆን ገበያ፣ ጁሙዓ መስጂድና ሆስፒታል ያላት ታላቅ ከተማ ነበር። በአቡ ዑመር መድረሳ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ቁርኣን ይማሩ እንደነበርና ለእነሱም ለአስተማሪዎቻቸውም ምግብና ልብስ ይሰጥ እንደነበር መዝግቧል።

በ1518 ሡልጣን ሰሊም በኢብኑ ዐረቢ መቃብር አጠገብ መስጂድ አሠራ። የሐንበሊዮች መንደር በነበረችው ቦታ የሱፊው ሸይኽ መቃብር ማዕከል ሆነ፤ የሰፈሩ ሰዎች ራሳቸው በጉዳዩ አንድ አቋም አልነበራቸውም። በዚያው ዘመን የሰፈሩ ተወላጅ ኢብኑ ጡሉን ስለ ሷሊሒያ ብቻ አንድ ሙሉ ታሪክ ጻፉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከቀርጤስና ከባልካን የተሰደዱ ሙስሊሞች እዚያው ተራራ ላይ ሰፈሩ። ቦታቸው እስከ ዛሬ «ሙሃጂሪን» ይባላል። ኋላ ቤቶች የአትክልት ቦታዎቹን እየሸፈኑ ሰፈሩን ከከተማዋ ጋር አገጣጠሙት።

ከአቡ ዑመር መድረሳ የተረፉት ኪታቦች በዚያው ክፍለ ዘመን ወደ ዟሂሪያ ቤተ መጻሕፍት ተዛውረዋል። በብዙዎቹ ላይ የሐዲስ ሰማዕ መዝገብ አለ፦ ማን አነበበ፣ ማን ሰማ፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ቤት። ከሰሚዎቹ መካከል ሴቶችና ትንንሽ ልጆች በስማቸው ተጽፈዋል።