ቀጥ ያለው አክስል፤ ከካሊፎርኒያ ጋራዥ እስከ እጃጂ መናኸሪያ

እጃጂ መናኸሪያ ቆሞ «ባኮ! ባኮ!» የሚባልለትን ቅጥቅጥ አይታችሁት ከሆነ (ካላያችሁም ችግር የለም፣ ወንድሙ አዲስ አበባ ሞልቷል) አንድ ነገር እንለምናችኋለን፡፡ ጎንበስ በሉና በሁለቱ የፊት ጎማዎች መሀል ያለውን ተመልከቱ፡፡ ከግራ ጎማ እስከ ቀኝ ጎማ የተዘረጋ፣ ወጥ፣ ወፍራም፣ መሀሉ ወደ ታች ዝቅ ያለ ብረት ታያላችሁ፡፡ ረዳቱ «ምን ጠፋባችሁ?» ብሎ ይስቅባችሁ ይሆናል፡፡ ምንም አልጠፋብንም፡፡ የዛሬው ታሪካችን እሱው ብረት ነው፡፡

ስሙ የፊት አክስል ነው፡፡ እናንተ የምትሳፈሩበት ቪትዝም ሆነ ኮሮላ ይሄ ብረት የለውም፡፡ በነዚያ መኪኖች የግራው ጎማ ጉድጓድ ቢገባ የቀኙ አይሰማም፤ እያንዳንዱ በራሱ ሞላ ላይ ይዘላል፡፡ ቀጥ ያለ አክስል ያለው መኪና ግን ቃሬዛ እንደያዙ ሁለት ሰዎች ነው፡፡ አንዱ ሲደናቀፍ ሌላው አብሮ ያዘነብላል፡፡ በዚህ ምክንያት «ኋላ ቀር» ተብሎ ከቤት መኪና ከተባረረ ቆይቷል፡፡

ታዲያ አሜሪካ ውስጥ ዘመናዊውን የፊት እግር ቆርጠው እየጣሉ ይሄንኑ ኋላ ቀር ብረት በገዛ ገንዘባቸው የሚያስገጥሙ ሰዎች አሉ ብንላችሁስ?

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ በጥንቱ ሠረገላ ጋሪው ሲታጠፍ የፊት አክስሉ በሙሉ ከነጎማው አብሮ ይዞር ነበር፡፡ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ላንከንስፔርገር የሚባል የሙኒክ ሠረገላ ሠሪ አክስሉ ባለበት ቆሞ ጎማዎቹ ብቻ ጫፍና ጫፍ ላይ የሚዞሩበትን ዘዴ ፈጠረ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1818 ለንደን ላይ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበለት ወኪሉ ሩዶልፍ አከርማን ነበርና ዘዴው እስከ ዛሬ የሚጠራው በአከርማን ስም ነው፡፡ የለፋው ሌላ፣ ስሙ የቀረው ሌላ! (ለኛ አገር ሰው ይሄ አዲስ ወሬ አይደለም፡፡) መኪና ሲፈለሰፍ ይሄው የሠረገላ አክስል ከነባሌስትራው ተወሰደ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1908 የወጣው ፎርድ ቲ የቆመው በሱ ላይ ነው፤ ፎርድ የቤት መኪኖቹን ከዚህ አክስል ያላቀቀው በ1949 ሞዴል ነው፡፡

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የካሊፎርኒያ ጎረምሶች በርካሽ የሚገኙትን አሮጌ ፎርዶች እየገዙ ፓራፋንጎውን ነቅለው፣ ጉልበታም ሞተር ገጥመው ይሽቀዳደሙ ጀመር፡፡ ሆት ሮድ የሚባለው ይሄ ነው፡፡ በ1960ዎቹ ደግሞ (በነሱ አቆጣጠር) ነገሩ ባሰበት፡፡ የ1955 ሸቭሮሌት ያለው ሰው ደህናውን የፊት እግር አውልቆ ከጭነት መኪና የተነቀለ ቀጥ ያለ አክስል ያስገጥም ጀመር፡፡ እብደት እንዳይመስላችሁ፣ ስሌት አለው፡፡ የመኪናው አፍንጫ ከፍ ሲል፣ ሲነሳ ክብደቱ ወደ ኋላ ጎማ ይሄዳል፡፡ የሚገፋው የኋላው ጎማ ስለሆነ መሬቱን ቆንጥጦ ይይዛል፡፡

ሥራው ራሱ ቀልድ አይደለም፡፡ ባሌስትራው ከሻንሲው ጋር ይታሰራል፣ አክስሉ በዩ ቅርጽ ቡሎኖች ከባሌስትራው ሥር ይጠፈራል፡፡ ከዚያ ከኋላ አክስል እስከ ፊት አክስል በግራም በቀኝም ይለካል፤ ሁለቱ ልክ እኩል ካልሆኑ መኪናው ዕድሜውን ሙሉ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል፡፡ ቀጥሎ ጎማው የሚዞርበት ኪንግ ፒን አናቱ በጥቂት ዲግሪ ወደ ኋላ እንዲጋደም በባሌስትራውና በአክስሉ መሀል ሽብልቅ ብረት ይገባል፡፡ የብስክሌታችሁን የፊት ሹካ አስቡት፡፡ የተጋደመው ለዚሁ ነው፤ መሪው በራሱ ወደ ቀጥታው እንዲመለስ፡፡ ይቺን ዲግሪ የሳተ ሰው ፍጥነት ሲጨምር መሪው በእጁ ላይ ይንቀጠቀጥበታል፡፡

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንመለስ፡፡ በ1900 ዓ.ም ቤዴ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ በሲድሊ መኪና አዲስ አበባ ደርሶ ምኒልክን ሲያሳፍራቸው፣ መኪናው በጊዜው እንደነበሩት መኪኖች ሁሉ ማለት ይቻላል ባለ ቀጥ አክስል ነበር፡፡ የሚሄድበት መንገድስ? ከአገሪቱ የመጀመሪያ የመኪና መንገዶች አንዱ በ1890ዎቹ የተሠራው የአዲስ ዓለም መንገድ ነው፡፡ አዲስ ዓለም ምኒልክ ዋና ከተማ ሊያደርጓት ያሰቧት ከተማ ናት፡፡ ባሕር ዛፍ ደርሶ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ባያወጣት ኖሮ ዛሬ «ሸገር» እያልን የምናሞግሳት እሷን ነበር፡፡ ይሄ መንገድ ነው እየተገፋ አምቦ፣ ጉደር፣ ጌዶ፣ እጃጂ እያለ ነቀምቴ የሚወስደን፡፡

ከዚያ ጣሊያን መጣ፡፡ በአምስቱ ዓመት የወረራ ዘመን ካቀዳቸው መንገዶች አንዱ የነቀምቴው ነበር፡፡ ከጣሊያን ጋር ፊያት 634 መጣ፤ ሕዝባችን ስድስት መቶውን ቆርጦ ጥሎ «ትሬንታ ኳትሮ» አለው፡፡ የመጀመሪያው ሞዴል ፍጥነቱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፡፡ ይቺን ቁጥር ያዙልን፣ እንመለስባታለን፡፡ ጣሊያን በ1933 ሲወጣ መኪናውም ቃሉም ቀረ፡፡ ዛሬ ማንኛውም ጋራዥ ገብታችሁ አድምጡ፤ ባሌስትራ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ካንዴላ፣ ቸርኬ፣ ጎሚስታ፡፡ ጠላትን አባረን መዝገበ ቃላቱን ማረክን ማለት ነው፡፡

ከትሬንታ ኳትሮ በኋላ ኤንትሬ ነገሠ፡፡ በደርግ ዘመን ከምሥራቅ ወገን ኦራልና ዋዝ ታከሉ፡፡ ላንድሮቨሩንም አትርሱት፡፡ ሁሉም ከፊት ወጥ አክስል ናቸው፡፡ አሜሪካኖቹ ለጌጥና ለውድድር የመለሱትን እኛ መቼ ጥለነው እናውቃለን? የጠጠር መንገድና የጭነት ብዛት ባለበት አገር ይሄ ብረት ሞኝነት አይደለም፡፡ ሲጎብጥ ይቃናል፣ ባሌስትራ ሲሰበር አንድ ቅጠል ይለወጣል፣ የሚጠይቀው መዶሻ፣ እሳትና የሚያውቅ እጅ ነው፡፡

ቅጥቅጥ የመጣው ከዚህ ባህል ነው፡፡ የአይሱዙ ጭነት መኪና ሻንሲ ተይዞ በላዩ ላይ እዚሁ አገር በቆርቆሮና በብየዳ የአውቶቡስ ገላ ይቀጠቀጥለታል፡፡ ስሙም ከዚሁ ነው፡፡ አካሉ ሌላ፣ እግሩ ሌላ፤ የኛ ሆት ሮድ እሱ ነው ብንል አላበልንም፡፡ ልዩነቱ አሜሪካዊው ብቻውን ይሽቀዳደማል፣ የኛው ሙሉ ሰው ጭኖ ጣሪያው ላይ ደግሞ ማዳበሪያና ዶሮ ያስከትላል፡፡

እዚህ ጋ መቀለዳችን ይብቃ፡፡ ያቺን 40 ኪሎ ሜትር ያዙ ብለናችሁ ነበር፡፡ አክስሉ ያኔም አንድ ወጥ ብረት ነው፣ ዛሬም አንድ ወጥ ብረት ነው፡፡ የተለወጠው ሞተሩና አስፋልቱ ነው፡፡ አስፋልቱ ከአምቦ አልፎ ወደ ምዕራብ ሲገፋ ቅጥቅጡም አብሮ 80ና 100 መብረር ጀመረ፡፡ በዚህ ፍጥነት አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲመታ ምቱ ወደ ሌላው ጎማና ወደ መሪው ይተላለፋል፤ ጣሪያው ላይ የተጫነው ደግሞ የመኪናውን ክብደት ወደ ላይ ይሰቅለዋል፡፡ አይሱዙን ሕዝቡ «አልቃይዳ» ያለው ወድዶ አይደለም፤ ስንት ሰው ቀብሮ ነው፡፡ እኛ የምንለው ግን ወንጀለኛው ብረቱ አይደለም፡፡ ብረቱ የተሠራው ለጭነትና ለዝግታ ነው፡፡ ሰው ጭኖ እንዲበር ያዘዘው ሌላ ነው፤ ያዘዘው ደግሞ ባለ ንብረቱ ብቻ ሳይሆን «ሹፌር፣ ንካው እንጂ!» የምንለው እኛም ጭምር ነን፡፡

የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ፡፡ ባጃጅማ ከፊት ያለው አንድ ጎማ ስለሆነ አክስል የሚባል ጣጣ አያውቅም፡፡ ኤንትሬዎቹ አንድ በአንድ ወደ ብረት ማቅለጫ እየሄዱ ነው፤ የጎበጠ አክስል በዓይኑ ለክቶ የሚያቃና ሽማግሌ መካኒክም ጡረታ ወጥቷል፡፡ የሚያውቀውን ግን ማንም ቁጭ ብሎ አልጻፈለትም፡፡

እጃጂ ላይ አንድ ባለ ጋሪ አገኘን፡፡ ከፈረሱ ጀርባ ያለው አክስል የመኪና መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል፣ ቸርኬውም የፋብሪካ ነው፡፡ አብሮን የነበረው ልጅ በኦሮምኛ «ኦቦ፣ ይሄ ከምን መኪና የወጣ ነው?» ብሎ ጠየቀልን፡፡ ሰውየው ጋሪውን ዞር ብለው አዩት፣ እኛንም አዩን፡፡

«እኔ ስገዛው ጋሪ ነበር» አሉን፡፡