ጉልበት የሚሸጥ ራኬት

መደብር ገብታችሁ «ኃይል ያለው የቴኒስ ራኬት ስጠኝ» ከማለታችሁ በፊት እስቲ ቢዮርን ቦርግን አስታውሱ። ሰውዬው ከ1976 እስከ 1980 ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) የዊምብልደንን ዋንጫ አምስት ጊዜ በተከታታይ ያነሳው በእንጨት ራኬት ነው። ከኋላ መስመር ቆሞ ኳሷን እያሽከረከረ፣ ባላጋራው እስኪሰለቸው ድረስ መመለስ ነበር ሥራው። ከውድድር ከራቀ ከዓመታት በኋላ፣ በ1991፣ ሞንቴ ካርሎ ላይ ብቅ አለ። ያንኑ እንጨቱን ይዞ! ጆርዲ አሬሴ የተባለ ስፔናዊ 6 ለ 2፣ 6 ለ 3 አድርጎ ሸኘው።

በመሀል ምን መጣ? ሃዋርድ ሄድ የሚባል አሜሪካዊ መጣ። ሄድ መጀመሪያ ስሙ የገነነው ከብረት በሠራው የበረዶ መንሸራተቻ ነው። ኩባንያውን ሸጦ ቴኒስ ሲጀምር ጨዋታው እምቢ አለው፤ ኳሷ መሀል ላይ ካላረፈች ራኬቱ እጁ ላይ ይጠመዘዛል። እኔና እናንተ ብንሆን በራሳችን እናመካኝ ነበር። እሱ በራኬቱ አመካኘ። ፊቱ ሰፋ ካለ መጠማዘዙ እንደሚቀንስ ስለገባው በ1976 በፕሪንስ ስም 110 ካሬ ኢንች ገደማ ፊት ያለው የአሉሚኒየም ራኬት አወጣ። የእንጨቶቹ ከ70 ብዙም አያልፍም ነበር። ብዙዎች የሽማግሌ መጫወቻ ነው ብለው ሳቁ። በ1978 ግን የ16 ዓመቷ ፓም ሽራይቨር ይህንኑ ይዛ ለአሜሪካ ኦፕን ፍጻሜ ደረሰች። ሳቁም ቆመ።

ቀጥሎ ግራፋይት ነገሠ። እንጨት ሲመታ ይለመጣል፤ ሲለመጥ ጉልበት ይበላል። ግራፋይት ቀላል ሆኖ ግትር ነው፤ ጉልበቱን ለኳሷ ይተዋል። ያኒክ ኖኣ በ1983 የፈረንሳይን ዋንጫ ካነሳ ወዲህ ከአራቱ ታላላቅ ውድድሮች አንዱን በእንጨት ያሸነፈ ወንድ የለም። በ1987 ደግሞ የዊልሰን ፕሮፋይል ጠርዙን አወፍሮ ግትርነቱን አባሰው።

ታዲያ አዲስ ጣጣ መጣ፤ ኳሷ ሜዳ ውስጥ አልቀመጥ አለች። ጠንክረህ ስትመታ ወደ ውጭ ትበራለች። ቦርግ ይህን የሚከላከለው ክሩን ክፉኛ አስወጥሮ ነበር። ለዘመኑ መላ ያመጣውም ክሩ እንጂ ራኬቱ አይደለም። በ1997 ከዓለም 66ኛ የነበረው ብራዚላዊው ጉስታቮ ኩዌርተን ሉክሲሎን የተባለ የፖሊስተር ክር ወጥሮ የፈረንሳይን ዋንጫ አነሳ። ይህ ክር ኳሷ ስትነካው ተንሸራቶ ወዲያው ይመለሳል፤ በመመለሱም ኳሷን ያሽከረክራታል። የተሽከረከረች ኳስ ደግሞ መረቡን አልፋ ቁልቁል ትወርዳለች። በዓመቱ ካርሎስ ሞያ ባቦላት ፒዩር ድራይቭ የተባለውን ግትር ራኬት ይዞ እዚያው አሸነፈ።

እንግዲህ ከኋላ መስመር ማጥቃት ለሚወድ፣ ፊቱ 100 ካሬ ኢንች፣ ክብደቱ ያለ ክር 300 ግራም ገደማ፣ ጠርዙ ወፈር ያለ ራኬት ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ በላይ ጉልበት ፍለጋ መሄድ ኳስ ከአጥር ውጭ መልቀም ነው የሚሆነው። ክሩ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ግትር ራኬትና ፖሊስተር ሲገናኙ ክርን ያሳምማሉ፤ ክንዳችሁ ከታመመ ወይም አመታታችሁ ገና ፈጣን ካልሆነ ለስለስ ያለ ክር አስወጥሩ።